127 ዲግሪ፣ ያለ ጭስ

ሊኑክስ ላይ የኮምፒውተሩን ሙቀት ለማወቅ ፕሮግራሙ ከተጫነ «ሴንሰርስ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ፕሮሰሰሩ 45 ዲግሪ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ «ኦክስቲን» የተባለ ባለሥልጣን ግን 127! ውሃ ፈልቶም 27 ዲግሪ ተርፏል፤ ጭስ ግን የለም። ለነገሩ መለኪያውም የለም። ሙቀቱን የሚያነበው ቺፕ ለመለኪያው የሚሆን እግር አለው፣ ማዘርቦርዱን የሠራው ሰው ግን እግሩ ላይ ምንም አልቀጠለበትም። ቺፑም ዝም ማለትን ነውር ቆጥሮ፣ እንደ ሐሰት ምስክር ያላየውን በአሃዝ ይናገራል።

እውነተኛው መለኪያስ ቢሆን? ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ራይዘን 1800ኤክስ ፕሮሰሰር፣ ሆነ ተብሎ 20 ዲግሪ ጨምሮ እንዲናገር ተደርጎ ነበር፤ ማራገቢያው ለሁሉም ፕሮሰሰር በአንድ ደንብ እንዲሽከረከር ነው አሉ። ደንብ ከተከበረ ሙቀቱ ምን ገዶት!

ለኦክስቲን ግን መድኃኒት አለ፦ የ«ሴንሰርስ» ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ኢግኖር» (ችላ በል) ብሎ ማዘዝ። ትኩሳቱ ወዲያው ይወርዳል።