ጨዋታው ሳያረጅ ዙሪያው ከዳን

ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ቤዝቦል የምንጫወት ሰዎች ብዙ አይደለንም። ስንገናኝ ግን ወሬያችን ያው ነው። «ያንተም ቴሌቪዥን ያዘገያል?» «ሲዲውን ያነብልሃል?» «ሜሞሪ ካርድህስ እንዴት ሆነ?» ሁላችንም መልሱን እናውቀዋለን። ኧረ ሰለቸን!

ጨዋታው «ኤምቪፒ ቤዝቦል 2005» ነው፤ ኢኤ ስፖርትስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2005 ያወጣው። ሽፋኑ ላይ ያለው የቦስተን ሬድ ሶክሱ ማኒ ራሚሬዝ ነው፤ ቡድኑ 86 ዓመት የጠበቀውን ዋንጫ ካነሳ ገና ወራት መቆጠራቸው ነበር። የሞንትሪያሉ ቡድን ዋሽንግተን ገብቶ ናሽናልስ የተባለውም በዚያው ዓመት ነው። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ላደግን የሐበሻ ልጆች ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። አባቶቻችን ኳስ ካሉ እግር ኳስ ነው፤ ቤዝቦል የሚያስረዳን ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። ሦስተኛው አውት ላይ ተራው ለምን እንደሚቀየር፣ ግራኝ ወርዋሪ ለግራኝ መቺ ለምን እንደሚከብድ የገባን ጆይስቲክ ይዘን ነው።

አወራወሩን የሚስተካከል ዛሬም ጥቂት ነው። ቁልፉን ተጭነህ ኃይሉን ትሞላለህ፣ ትለቃለህ፣ ምልክቱ አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ደግመህ ትጫናለህ። ክፉኛ ከሳትከው ኳሱ መሃል ለመሃል ይሄድና መቺው ከአጥር ውጭ ይሰደዋል። ሃያ ዓመት አልፎትም ይህ ሁሉ እንደ ጥንቱ ይሠራል። የከዳን ሌላው ሁሉ ነው።

ቴሌቪዥኑን እንውሰድ። በእውነተኛው ሜዳ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ መቺው ጋ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አራት አስረኛ ሰከንድ ያህል ነው፤ ጨዋታውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፕሌይስቴሽን 2 የሚልከው ምስል የተሠራው ለድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ነው፤ የምስሉ መስመሮች ግማሽ ግማሹ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። አዲሱ ስስ ቴሌቪዥን መጀመሪያ ሁለቱን ግማሾች ይገጣጥማል፣ ምስሉን ያሰፋል፣ ያስውባል፤ ለእኛ የሚያሳየን ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሥራ አንድ አስረኛ ሰከንድ ሊበላ ይችላል። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም። ለመቺው ግን ካለችው ጊዜ ሩቧ ተቀማች ማለት ነው። ዱላውን በሰዓቱ ሰንዝረህ ጨዋታው «ዘገየህ» ይልሃል፤ አንተ ግን አልዘገየህም! በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው «ጌም ሞድ» የሚባለው ነገር መዘግየቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ደግሞ ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ሲወጣ ለቅጽበት በቀለም ብልጭ ይላል፤ ምን ዓይነት ውርወራ እንደሆነ የምትለየው በዚያ ቀለም ነው። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ቀዩን፣ ነጩንና ቢጫውን ገመድ የምንሰካበትን ቀዳዳ እያስቀሩት ስለሆነ መሃል ላይ ርካሽ መቀየሪያ እናስገባለን። በዚያ በኩል ያለፈ ምስል ደብዛዛ ነው፤ ቀዩ ወደ ጎን ይፈሳል፣ ያቺ ትንሽ ብልጭታ ከወርዋሪው ማሊያ ጋር ትቀላቀላለች። ዓይናችንን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፈን እንኳ አናያትም። ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ፈልጎ ማግኘት፣ አግኝቶም ደረጃ ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው።

ሜሞሪ ካርዱ ደግሞ ልብ ያወልቃል። ኦርጅናሉ 8 ሜጋባይት ብቻ ነው። አንድ የቤዝቦል ሲዝን 162 ጨዋታ አለው፤ ካርዱ አንድ ቀን «ዳታው ተበላሽቷል» ካለ ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ከታችኛው ሊግ አንድ በአንድ ያሳደግናቸው ልጆች ጭምር፣ አብሮ ይሄዳል። ሶኒ ማሽኑን ማምረት ካቆመበት ከ2013 ወዲህ አዲስ ኦርጅናል ካርድ ማግኘት ጭንቅ ሆኗል፤ በቦታው የሚሸጠው ስም የለሽ ካርድ መቼ እንደሚከዳን አይታወቅም። የሲዲ ማንበቢያው ሌንስም ደክሟል፤ ያጸዳነው እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ያነብና ይመለስበታል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበን ግን ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ነገር ነው። ጨዋታው ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጃንዋሪ 2005፣ ቴክ ቱ የተባለው ኩባንያ ከቤዝቦል ሊጉ ጋር ተዋዋለ። ከ2006 እስከ 2012 ከማሽን አምራቾቹ በቀር የሊጉን ጨዋታ የሚሠራ እሱ ብቻ ሆነ። ኢኤም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በዲሴምበር 2004 የአሜሪካን ፉትቦል ሊግን ፈቃድ ለብቻው ጠቅልሎ ወስዶ ነበር። ሁለት ኩባንያዎች ተናጠቁ፣ የከፈልነው እኛ ነን። እኛ የምንወደው ጨዋታ የመጨረሻው ሆኖ ቀረ። የሶኒው «ዘ ሾው» እስከ 2011 ድረስ ለፕሌይስቴሽን 2 መውጣቱ እውነት ነው፣ ጥሩ ጨዋታም ነው፤ አወራወሩ ግን ያ አይደለም።

የፈቃድ ነገር ተጫዋቾቹንም ነክቷል። በ2001 በአንድ ሲዝን 73 ሆም ራን የመታው ባሪ ቦንድስ ከተጫዋቾች ማኅበር የጋራ የፈቃድ ውል ስለወጣ ጨዋታው ውስጥ የለም። በሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ግራ ሜዳ ላይ ቆሞ የምታገኘው ጆን ዳውድ የሚባል፣ በዓለም ላይ የሌለ ሰው ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱት ወገኖቻችን ለዓመታት የተጫዋቾችን ዝርዝርና ማሊያ ራሳቸው እየሠሩ አድሰውታል፤ እናመሰግናቸዋለን። ማሽኑ ላይ ለቀረነው ግን ያ ቀላል አይደለም፣ 2005 ላይ ቆመናል። የኢኤ የኢንተርኔት መጋጠሚያም ከተዘጋ ቆይቷል።

ዛሬ ይህን ጨዋታ አዲስ አድርጎ የሚሸጥ የለም። ፈቃዱ በእጃቸው ያለ ሰዎች ወይ መልሰው ይሽጡልን፣ ወይ ለሚያድሰው ሰው በሩን ይክፈቱ፤ ገንዘብ አምጡ ቢሉን እንከፍላለን። እናንተም አንባቢዎች፣ ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ አቧራ የጠጣ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ወይም ኦርጅናል ሜሞሪ ካርድ ካላችሁ እባካችሁ አትጣሉት። የሚፈልገው ሰው አለ፤ መጥቶም ተሸክሞ ይወስደዋል።