የዲላ ቡችላና የበዓል ቄጠማ፦ መጠነኛ ጥናት

ቡችላ ወደ ዲላ ቤት የሚገባው በሦስት መንገድ ነው፦ ተጠይቆ፣ ተሰጥቶ፣ ወይም በተማሪ ሹራብ ውስጥ ተደብቆ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች የገባ እስካሁን ስላላጋጠመን ጥናታችን በሦስተኛው ላይ ይወሰናል። በሹራብ የገባ ቡችላ መለያው «ለዛሬ ማታ ብቻ ነው፣ አባዬ» የሚል ቃል አብሮት መምጣቱ ነው። የእኛው በዚሁ ቃል የገባው ነሐሴ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓላቱን በሙሉ አብሮን አክብሯል።

በስያሜው ላይ ክርክር ነበር። የ7 ዓመት ልጃችን «ሳካ» አለችው፣ እናቷ «ነብሮ» አለችው። የጸናው ግን «ቡቺ» ነው፤ አያቷ ማንኛውንም ውሻ የሚጠሩት በዚህ ስም ነውና። ውሻውም የሚታዘዘው ለእሳቸው ብቻ ነው። ከእጃቸው ምግብ ስለማይጠፋ ታማኝነቱን እንደ በጎ ምግባር አልቆጠርንለትም።

ቀጥሎ ስለ አካባቢው። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የእርሻው ደርብ የታወቀ ነው፦ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። አራተኛው ደርብ፣ ማለትም ከቡናው ሥር ጉድጓድ የሚቆፍረው ውሻ፣ በመዝገቡ አልተካተተም። ቡቺን ወናጎ አያት ዘንድ በወሰድነው ጊዜ በኮባ ተሸፍኖ የሚብላላውን የቆጮ ጉድጓድ ለማግኘት ብዙም አልፈጀበትም። አያት በሩ ላይ ቆመው አዩትና «ይኼ ውሻ ነው ፍልፈል?» አሉ። ጥያቄው ሳይንሳዊ ስለሆነ መዝግበነዋል።

የቡችላ ዓመት በአራት ወቅት ይከፈላል፦ የጀንፈል፣ የጾም፣ የበዓልና የጭቃ። የጭቃው ወቅት በዲላ ከሌሎቹ ጋር እየተደረበ ስለሚውል ለብቻው አይጠናም።

በጀንፈሉ ወቅት ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ ግቢ ውስጥ ይሰጣል። ልጅቷ ዶሮ እንድትጠብቅ ትታዘዛለች፤ እሷ ደግሞ ቡቺን ታዝዛለች። ቡቺ ፀሐይ ያሞቀውን ቡና መርጦ ይተኛበታል። ዶሮ ስትመጣ አያባርራትም፤ ትንሽ ጠጋ ይልላታል። የይርጋ ጨፌ ቡና የአበባና የሎሚ ቃና አለው ይባላል። እኛ ለቤት ያስቀረነው ሌላ ቃና ቢገኝበት ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ ለእንግዳ ግን አንናገርም።

በጾም ላይ ያለው አቋም ግልጽ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቡቺ መጀመሪያ ሰሞን ሽሮውን ያሸታል፣ ቀና ብሎ ፊታችንን ያያል፣ ትቶት ይሄዳል። ቆይቶ አጥሩ ሥር ቀዳዳ አገኘ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ምሳቸውም ምሳ ነው። ለፋሲካ ተመልሷል። ረቡዕና ዓርብን ግን እስከ ዛሬ እዚያው ያሳልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቄጠማው እንግባ።

ነሐሴን በሙሉ በዝናብ ውስጥ አንድ ነገር ስናስተምር ከረምን፦ ሽንት የሚሸናው ሣር ላይ ነው። ልጃችን ጃንጥላ ይዛ ታወጣዋለች፣ ሣሩ ላይ ሲጨርስ «ጎበዝ!» ትለዋለች፣ ዳቦ ትቆርስለታለች። ትምህርቱ ገባው። በጳጉሜን ቤት ውስጥ አንድም ጠብታ አልታየም። በኩራት ለሰው አወራን።

መስከረም 1 ጠዋት እናቷ ቄጠማ ጎዘጎዘች።

የሆነው በአራት ደረጃ ይከፈላል፦ ማሽተት፣ መዞር፣ ማሰብ፣ ቁጢጥ ማለት። ሦስተኛውን ደረጃ የሚጠራጠሩ አሉ፤ እኛ ግን በዓይናችን አይተናል። ከበሩ እስከ ረከቦቱ ያለውን ሣር በአፍንጫው አዳረሰ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ቆም ብሎ ልጅቷን አያት፣ ከዚያ ቁጢጥ አለ። ሲጨርስ ጅራቱን እየቆላ ዳቦውን ጠበቀ። ለበዓል የመጡት አያት የነጠላቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው «ኧረ ገና አቦል ላይ ነን!» አሉ።

ስለ መንስኤው ሦስት አስተያየት ቀርቧል። የአባት ወገን «ንቀት ነው» ይላል። የእናት ወገን «ብርድ መትቶት ነው» ይላል። ልጅቷ ግን እንዲህ አለች፦ «ሣር ላይ ነው አልነው። ሣሩን ቤት ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ።» ለዚህ መልስ እስካሁን አልተገኘም፤ አያትም ከእሷ ጋር ናቸው።

በመስቀል ሙከራ ተደረገ። ቄጠማው በሳሎኑ ግማሽ ብቻ ተጎዘጎዘ። ቡቺ ባዶውን ግማሽ በጥንቃቄ አቋርጦ ወደ ሣሩ ሄደ፤ ይህም ጨዋነቱን ያሳያል። በገና ውጭ ተዘጋበት። በሩ ላይ ሆኖ አለቃቀሰ፤ ፈንዲሻው ሳይዞር እንግዶቹ «ኧረ በዓል ነው፣ አስገቡት!» አሉ። አስገባነው። እንግዶቹ ምክራቸውን ወዲያው አነሱ።

በዚያው ገና ሰሞን ከአቮካዶው ዛፍ ላይ በግ ታስሮ ነበር። ቡቺ መጀመሪያ ጮኸበት፣ ከዚያ አሸተተው፣ ማታ ሆዱ ላይ ተለጥፎ ተኛ። ልጅቷ ለበጉም ስም አወጣችለት፤ ይህን ስንሰማ መከልከል ነበረብን። የበዓሉ ማለዳ በዝርዝር አይቀርብም። ልጃችን ሥጋውን አልበላም አለች። ቡቺ በላ። ማታ ግን ገመዱ ወደ ታሰረበት ዛፍ ሄዶ ዙሪያውን ደጋግሞ አሸተተ፤ ይህ በየትኛው ምድብ እንደሚገባ አልወሰንንም።

በጥር ጌዴኦዎች ከቡና ለቀማ በኋላ ደራሮን፣ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓላቸውን፣ ሲያከብሩ ቡቺ በሕዝቡ መሐል ጠፋብን። አመሻሽ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አጥንት ይዞ መጣ። ከዚህ በኋላ የጫማ፣ የጩኸትና የመኪና ጎማ ምድቦች ታስበው ነበር። ውሻ ያለው ሰው ያውቃቸዋል፤ የሌለው ደግሞ አያምንም። ይቅሩ።

ለአንባቢ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። የቡቺ እናት ሰሞኑን ደግማ ወልዳለች። ልጃችን ወደ ትምህርት ቤት የምታልፈው በእናትየው ባለቤቶች በር ነው፤ ስለዚህ ጊዜ የለም። ቡችላ የሚፈልግ ሰው ፈጥኖ ይምጣ፤ የእብድ ውሻ ክትባቱን ያስከትብለት፣ ሣር ላይ እንዲሸናም አያስተምረው።