ይድረስ ለኢንዲያና ክፍለ ግዛት የቤተሰብና የማኅበራዊ አገልግሎት አስተዳደር

ክቡር መሥሪያ ቤት ሆይ፤

እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ፣ አገረ ገዢው ሚች ዳንኤልስ በአሜሪካ ከሚገኙት ሁሉ የከፋ ነው ያሉትን የነዳያን መርጃ ሥርዐት በኮምፒዩተር ለማደስ፣ ከአይ ቢ ኤም ጋር ለ10 ዓመት የሚጸና፣ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል በተፈራረሙ ጊዜ፣ ድኻውን ከመርዳት አስቀድሞ ድኻውን የሚያውቀውን ሰው ከመንገድ ማንሣት እንደሚገባ መረዳትዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ያ ሰው በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ፣ የመበለቲቱን መዝገብ ይዞ፣ ወረቀት ቢጎድል «ነገ ያምጡልኝ» የሚል፣ የልጇንም ደዌ በቃሉ የሚያውቅ መጋቢ ነበር። እንዲህ ያለው ዕውቀት በኮምፒዩተሩ ሆድ የማይገባ ትርፍ ነገር ስለ ሆነ፣ 1,500 ያህል የመንግሥት ሠራተኞች ወደ ኩባንያ ቅጥር ተዛወሩ፤ የመበለቲቱም ጉዳይ በስልክ ማዕከል ተራ ለደረሰው እንግዳ ሁሉ ዕጣ ሆነ።

ፍሬውም አልዘገየም። ከ2006 እስከ 2008 ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ የምግብ፣ የሕክምናና የገንዘብ ርዳታ ማመልከቻ ውድቅ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሦስት ዓመታት በ54 በመቶ ይበልጣል። በፋክስ የተላከው ሰነድ ቢጠፋ፣ የቀጠሮው ስልክ ሳይደወል ቢቀር፣ አመልካቹ «አልተባበረም» ተብሎ ይጻፍበት ነበር። (ድኻ መንግሥትን በእምቢተኝነቱ የማወክ ይህን ያህል ሥልጣን እንዳለው ከእርስዎ በፊት የነገረን አልነበረም።)

ውሉ በ2009 ሲፈርስ ኩባንያው 437 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተቀብሎ ነበር። አልተባበረም የተባለው ኩባንያው በሆነ ጊዜ ግን፣ ከእርስዎ ጋር ሲካሰስ ጠበቃ ቆመለት፣ ምስክር ተሰማለት፤ በ2012 ዳኛው ከሁለታችሁ ማንም መርታት አይገባውም እያሉ 52 ሚሊዮን ፈረዱለት፤ በ2016 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሉን የጣሰው ኩባንያው ነው አለ፤ በ2017ም 78 ሚሊዮን እንዲከፍል ታዘዘ። መበለቲቱ የደረሳት ማመልከቻሽ ውድቅ ሆኗል የምትል አንዲት ደብዳቤ ናት፤ ያችንም ደብዳቤ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ምክንያቷን በበቂ አታስረዳም ብሎ ሕገ ወጥ አድርጓታል።

ስለዚህ በዚያ ዘመን «አልተባበረም» ተብሎ የተዘጋው መዝገብ ሁሉ ተከፍቶ፣ ለኩባንያው የተሰጠው ጊዜና ጆሮ በከፊል እንኳ ለባለ መዝገቡ እንዲሰጥ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር