ጠረጴዛው ይሾምልን

እንጅባራ ውስጥ ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ጠፋ እያለ የሚያማርር ሁሉ፣ ከቀትር በኋላ ከፑል ቤቶቹ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል መጋረጃ ገልጦ አላየም ማለት ነው። እዚያ ስምንት ሰዓት ማለት ስምንት ሰዓት ነው። ለዕድር ስብሰባ አንድ ሰዓት፣ ለሠርግ ሦስት ሰዓት፣ ለገዛ ልጁ የወላጆች ስብሰባ መንፈቅ የሚያረፍድ ሰው ለኮንከር ካርታ ጨዋታ ደቂቃ አያዛንፍም። ውርጭ ከጭቃ አይልም። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጃንጥላ ገልብጦ የሚሄድ ዝናብ ነው። ሰውየው ግን ጃኬቱን በራሱ ላይ ጥሎ እየሮጠ ይደርሳል። በእሱ መጉደል ጨዋታ ቢስተጓጎል ከሚወርድበት ወቀሳ የሰማዩ ዶፍ ይሻለዋላ!

ካርታን የሚነቅፍ ሞልቷል። ሰባኪው ይነቅፋል፣ መምህሩ ይነቅፋል፣ ሚስት ትነቅፋለች። እኔ የመጣሁት ላመሰግን ነው። በአዊ ዞን ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ቢዞሩ እንደ ካርታው ጠረጴዛ ሕግ የሚከበርበት፣ አሠራሩ ለሁሉም ግልጽ የሆነ፣ ዘመድ ከባዳ የማይለይበት ተቋም አይገኝም። ይህን ስል ማስረጃ ይዤ ነው።

መጀመሪያ ተራን እንይ። ጠረጴዛው ላይ ተራ ሕይወት ነው። ሰው ከተራው ቀድሞ ካርታ ካነሣ ዓለም ይደፈርሳል። «መልስ! መልስ አልኩህ! ተራህ ነው?» ይባላል። ጥፋተኛው የሥራ ሂደት አስተባባሪ ቢሆን፣ የሠፈሩ ባለ ሀብት ቢሆን ካርታውን ይመልሳል። ይቅርታ እየጠየቀ ይመልሳል። ያው ሰው በማግስቱ ዳንግላ መናኸሪያ ይገኛል። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ሚኒባስ በሩን ሲከፍት የአራስ ልጅ እናትን በክርኑ ገፍቶ፣ ከሽማግሌ ከዘራ በላይ ተራምዶ፣ መስኮት ዳር ይቀመጣል። «ተራ አለ እኮ ጋሼ» ያለው ቢኖር «ምን አገባህ!» ይለዋል። ምን ያድርግ? ሚኒባሱ ጆከር የለው፣ አስ የለው፤ ተራ የሚያስጠብቅ ቁም ነገር በውስጡ አላገኘበትም።

የታሪክ አዋቂዎች ለዚህ ጠባያችን ጥንታዊ ምንጭ ሊያገኙለት ይችላሉ። በአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ወረራ የሚባል ሕግ ነበረ። የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ከበላ በኋላ ግን ተራ በተራ ይሆናል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና አጨዋወት ጽፈው ይህን ሁሉ መዝግበውልናል። ሰንጠረዡ ከቤታችን ጠፋ። ወረራው ግን አልጠፋም፤ ከሰሌዳው ወርዶ ባንክ መስኮት ሥር፣ ስኳር መጣ በተባለበት በር ላይ፣ መናኸሪያ ውስጥ ይኖራል። አባቶቻችን አንድ መጫወቻ እስኪበላ ብቻ ተራ ይተዉ ነበር፤ እኛ ስንት ሰው ቢበላ ወደ ተራችን እንደምንመለስ አልተወሰነም።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ዕዳ ነው። የካርታ ዕዳ አያድርም። የተበላ ሰው ኪሱን ይዳብሳል፣ ቢያጣ ስልኩን አውጥቶ እዚያው በቴሌብር ይልካል፣ ሒሳቡ ካነሰ ከጎኑ ካለው ተበድሮ ይከፍላል። «ነገ እሰጥሃለሁ» ማለት በዚያ ክፍል የተከለከለ ንግግር ነው። የክብር ጉዳይ ነዋ! በዚሁ ምሽት፣ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ፣ ይኸው ስልክ ጮኾ ነበር። ሚስት ናት። እህሉ ወፍጮ ቤት ደርሷል፣ የማስፈጫው ብር ይላክ ነው ነገሩ። ሰውየው ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ደግሞ አሁን እጄ ላይ ምንም የለም» አላት። እውነቱን ነው። እጁ ላይ የረባ ካርታ አልነበረም። የባለ ሱቁ የዱቤ መዝገብ፣ የአከራዩ ኪራይ፣ የዕድሩ መዋጮ እየተንከባለሉ ከርመዋል፤ እነዚህ ግን የክብር ዕዳ አይደሉም፤ የእህልና የመጠለያ ተራ ዕዳ ናቸው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ይኸ ቁማር አይደለም ወይ?» የሚል የዋህ ይነሣል። ወንድሜ፣ ቁማር በእንጅባራ የለም። ያለው «ለሻይ» ነው። ለሻይ፣ ለቡና፣ ሲበዛ ለቢራ። በአንድ ምሽት ለሻይ ተብሎ ከኪስ ኪስ የሚሸጋገረውን ብር ያየ ሰው ግን የሻይ ቅጠሉ ከወርቅ ጋር አብሮ የሚለቀም ይመስለዋል። ተጫዋቹን ትንሽ ሲገፉት ደግሞ ክርክሩን ከፍ ያደርገዋል። «ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዞር ማን ምን አለ? የኳሱ ውርርድ ቤት በየመንገዱ ሲከፈት ማን ምን አለ? የእኛ አራት ሰው ሻይ ነው አገር ያጠፋው?» ይላል። መልስ የለኝም። ከሌላው ጥፋት ጋር የተመዘነ ጥፋት ምንጊዜም ቀላል ነው።

ሦስተኛው ማስረጃዬ የመዝገብ አያያዝ ነው። ነጥብ ጸሐፊው ሰርዞ ደልዞ አያውቅም። ወረቀቱን አንድ ቀን አየሁት። አራት ስም፣ አራት መስመር፣ ቀጥ ብሎ የወረደ ቁጥር፣ በየዙሩ መጨረሻ ድምር። ኦዲተር ቢመጣ አጨብጭቦ ይሄዳል። ወረቀቱን ስገለብጠው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ፤ «ጉዳዩ፦ የመንግሥት የሥራ ሰዓትን ስለማክበር» ይላል። ደብዳቤው ከግቡ ደርሷል ማለት ነው። የሥራ ሰዓቱ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ተኩል በጀርባው ላይ በዝርዝር ሰፍሯል።

የባለጉዳዩ ነገርስ? አንድ አዛውንት የቤታቸውን ካርታ ሊያወጡ ከገጠር ቀበሌ በእግራቸው ገብተው ከቢሮው በር ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ባለሙያው አለ?»

«ካርታ ላይ ናቸው አባባ።»

«እግዜር ይስጠው፣ የኔን ይሆናል የሚሠራው» ብለው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ምርቃታቸው ለማን እንደደረሰ አላውቅም፤ ባለሙያው ግን በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ዘግቷል። ካርታውንም፣ ቢሮውንም።

የሳምንቱ መርሐ ግብርም ከየትኛውም ተቋም ዕቅድ የተሻለ ነው። ሰኞ እሑድ የተበላ ሰው ብድሩን የሚመልስበት ቀን ነው። ማክሰኞ የሰኞው ተበይ ይመልሳል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ሥጋ አይቀመስም፣ ወተት አይጠጣም፤ ካርታ ግን ፍስክ ነው ያለ አባት እስካሁን አልተሰማም፤ ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ በንጹሕ ኅሊና ይጫወታሉ። ሐሙስ የመስክ ሥራ ቀን ነው። መስኩ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ነው፤ አበሉም እዚያው ይበላል። ቅዳሜ ገበያ ነው ተብሎ ከቤት ይወጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ትንሽ አረፍ እንበል» ይባላል። ስድስት ቀን የለፋ ሰው በሰባተኛው ማረፉ የታዘዘ ነው፤ ከምን ሥራ እንዳረፈ ግን አይጠየቅም። መንገድ ተዘግቶ መኪና በማይንቀሳቀስበት ሰሞንማ ጠዋትና ማታ አይለይም፤ ከተማው ሁሉ ሲቆም የምትሠራ አንዲት ቤት ያቺ ናት።

ዳንግላ ላይ ደግሞ ዳማ አለ። ሰሌዳው የተቀደደ ካርቶን ነው፣ መጫወቻው ቆርኪ፤ የአንዱ ሠራዊት ፊቱን ወደ ሰማይ፣ የሌላው ወደ መሬት አድርጎ ይሰለፋል። የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ የሚያስተዳድሩት አሥር። ጫማ የሚያስጠርገው ያዛል፣ ሊስትሮው ያርማል፣ ባጃጁን በመንገዱ መሐል ያቆመው ልጅ «ብላው እንጂ! ብላው!» ብሎ ይጮኻል። ይህም ሥር ያለው ባህል ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቶ፣ ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ ምክር ሲወረውር መታዘቡን ጽፏል። እንግዲህ ያልተጠየቀውን የሚመክር ሰው በዚህ አገር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አገልግሎት አለው። ለቆርኪ አሥር አማካሪ ያገኘው ይህ ከተማ፣ የመንገድ መብራት ሲጠፋ ግን አንድ አቤት ባይ ያጣል።

«ነገሥታቱም ይጫወቱ ነበር» የሚለው መከራከሪያ የማይናቅ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሲመጣ ግን ንጉሡ ከሰሌዳቸው ተነሥተው ዘመቱ። የእኛዎቹ ከንጉሥም ይጸናሉ፤ ቤት ተቃጠለ ቢባሉ «ይቺ ዙር ትለቅ» ይላሉ።

ዳንግላ ጊዜውን ያባከነ ሰው አይታ አታውቅም እንዳይባል አንድ ምስኪን ልጥቀስ። ሮበርት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዚህችው ዳንግላ ተቀምጦ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ነበር። ያኔ ፑል የለ፣ ዲኤስቲቪ የለ፣ ስልክ ላይ የሚነካካ ነገር የለ። ሰውየው ጊዜውን በምን ይግፋው? የዓባይን ሸለቆ ሲወርድና ሲወጣ፣ የጣናን ዳርቻና ደሴቶች ሲዞር፣ ያየውን ሲጽፍና ካርታ ሲሥል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። አሳዛኝ ነው። አራት ጓደኛና አንድ የካርታ ጥቅል አጥቶ ስንት ዓመት ሙሉ ባከነ! እኛ በዚያው ዳንግላ፣ ያንኑ ያህል ዓመት ተቀምጠን፣ አንድ ጠረጴዛ ዙረን ጨርሰናል፤ ካርታም ከእሱ ይልቅ በእኛ እጅ በዝቷል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን እያነሣ የሚሞግተኝም አይጠፋም። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረ፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራን በፈረስ ጉግስ የሚያጥለቀልቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ያዘነ የሚያጽናና ማኅበር እያለ ስለ ካርታ ማኅበር ታወራለህ ይለኛል። ፈረስ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በጠዋት ተነሥቶ የሚያበላው ይፈልጋል። ካርታ ገለባ አይጠይቅም። መተሳሰቡም ቢሆን በእኛ ዘንድ አልጠፋም፤ አንድ አባል ከስምንት ሰዓት አምስት ደቂቃ ካለፈው ስልኩ ይጨናነቃል።

«ምን ሆንክ? ደህና አይደለህም እንዴ?»

«አሞኝ ተኝቻለሁ።»

«አይዞህ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። በል እንግዲያ ተተኪ ላክ።»

ትዕግሥትም አለን። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል፣ ቆርጦ ያከስላል፣ በዚያው መሬት ላይ እህልም ችግኝም መልሶ ያበቅላል። እኛም እንደዚሁ ከስምንት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት አንዲት ጆከር እንጠብቃለን። ልዩነቱ የገበሬው ትዕግሥት ሌሎች ሰዎችን ማሞቁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሚመለከተው ሁሉ ሐሳብ አቀርባለሁ። ጠረጴዛው ይሾምልን። ቢሮዎቹ ይታሸጉና ማኅተሙ፣ ፋይሉና ባለጉዳዩ ወደ ፑል ቤቱ ጓዳ ይዛወሩ። በዚያ ሰዓት ይከበራል፣ ተራ ይጠበቃል፣ ድምር አይሳሳትም፣ ክፍያ አያድርም፣ ጉቦም አይሠራም፤ ሰው ጆከር ሰጥቶህ ዞር በል ቢልህ አራት ዓይን ያየዋል። ዕቅድ ይውጣ ከተባለም ነጥብ ጸሐፊው አለ። ባለጉዳዩ ውጤት ባያገኝ እንኳ ባለሙያውን በአካል አይቶት ይመለሳል፤ ይህ ራሱ ዛሬ ካለበት ትልቅ እድገት ነው።

ሹመቱ እስኪጸድቅ ድረስ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰነፎች ብንሆን ሰበብ ነበረን፤ «ሕዝቡ ሥርዓት አልለመደም፣ ጊዜ ገና ነው» እያልን እንኖር ነበር። ጠረጴዛው ይህን ሰበብ ነጥቆናል። ሰዓት ማክበር እንደምንችል፣ ተራ መጠበቅ እንደምንችል፣ ሒሳብ ሳናጭበረብር መያዝ እንደምንችል፣ ያለብንን በዕለቱ መክፈል እንደምንችል በየቀኑ በአራት ምስክር ፊት እያረጋገጥን ነው። የምንችለውን ለካርታ ሰጥተን የማንችለውን ለሚስት፣ ለባለጉዳይና ለከተማው መስጠታችን የችሎታ ማነስ ሳይሆን ምርጫ ነው። ጓደኛሞች ተሰብስበው መጫወታቸውን የሚከለክል የለም፤ ተጫወቱ። ዛሬ ማታ ካርታው ከመበወዙ በፊት ግን የወፍጮውን ብር ላኩ።