ጥርሳም ጎማ፣ ድዳም ጉዞ

ትልቅ ሞተር የገዛ ሰው መጀመሪያ ስለ ሲሲው ያወራል፤ ቀጥሎ ስለ ጃኬቱ። ጎማ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ ይተሳሰራል፤ ጎማ ውሎ ይጠይቃላ! «የት ነው የምትነዳው?» ሲሉት «ዳናክል» ይላል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ደግሞ «ሲኤምሲ፣ ደርሶ መልስ» ይላል። ይህ ዓምድ ዛሬ ለቆጣሪው ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። ተረብ የሚያመው ሄልሜቱን ያጥልቅ።

ለጥርሳሙ

— ጎማዬን አየህልኝ? ጥርሱን!
— አየሁት። ምን አስቆት ነው?
— ለጭቃ ነዋ!
— ጭቃውስ?
— ለጊዜው ቢሾፍቱ ድረስ ነው የምሄደው።
— በአስፋልት? ጥርሱ ከመርዘሙ የተነሳ አንተ ዱከም ላይ ነዳጅ ስትቀዳ እሱ ቢሾፍቱ ገብቶ ቁርጥ አዟል።

ጥርሳም ጎማ መሬት የሚነካው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። ለስላሳ አፈር ላይ ጥርሱ ገብቶ ይቆነጥጣል፣ በመካከሉ ያለው ክፍተትም ጭቃውን ተቀብሎ መልሶ ይተፋል። ዝናብ የነካው አስፋልት ላይ ግን ክፍተት ፍሬን አይዝም። ኩርባ ላይ ጥርሱ ይተጣጠፋል፤ የኋላው ደግሞ መሃል መሃሉን እየተፋቀ ቶሎ ያልቃል። አንተ ቁርጡን በላህ፤ ጎማህን አስፋልቱ በላው።

ለፐርሰንቱ

— የእኔ ሃምሳ በሃምሳ ነው። ግማሹ ለአስፋልት፣ ግማሹ ለፒስታ።
— ማን መዘነው?
— ፋብሪካው።
— የገዛ ልጁን ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ አርሞ፣ ሃምሳ ብቻ ከሰጠው ትሑት አባት ነው።

ለዚህ ክፍፍል ሁሉም ፋብሪካ የሚገዛበት አንድ መለኪያ የለም። አንዱ ሃምሳ በሃምሳ የሚለውን ሌላው ሰማንያ በሃያ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ፐርሰንቱን ትተህ ጎማውን እየው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ ወደ አፈር ያደላል፣ ከጠበበ ወደ አስፋልት።

— እሺ፣ የእኔ ውሎ ስንት በስንት ይመስልሃል?
— ዘጠና ሰባት በሦስት። ሦስቷም የካፌው መኪና ማቆሚያ ጠጠር ናት።

ለባለ ፍጥነቱ

— ሞተሬ ሁለት መቶ ይመታል።
— ጎማህ ተስማምቷል?
— ጎማ ምን አገባው?
— ጎኑን አንብበዋ! «ኪው» ይላል። ከ160 በላይ አብሬህ የለሁም ብሎ ፈርሟል።

ከልኩ ቀጥሎ ያለችው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ናት፦ ኪው 160፣ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከፊደሏ በፊት ያለው ቁጥር የጭነት ነው፤ 69 ማለት ያ አንድ ጎማ ቢበዛ 325 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ብዙ ሞተረኛ የሚምልበት ኮንቲኔንታል ቲኬሲ 80፣ በ150/70 ቁጥር 17 የኋላ ልኩ፣ «69 ኪው» ነው።

— 325 ኪሎ መቼ አነሰ?
— ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ባዶውን 249 ኪሎ ነው። አንተን፣ ባለቤትህንና ሦስቱን የአሉሚኒየም ሳጥን ደምር። የፊቱ ጎማ ተካፍሎ ያግዛል፤ አብዛኛው ጭነት የሚቀመጠው ግን ከኋላ ነው። እትዬ የላኩትን በርበሬ ገና አልመዘንኩም።

ለነጋዴው

— አዲስ ነው ጌታዬ! ፀጉሩ እንኳ አልረገፈም።
— ያልሸበተ ሁሉ ወጣት ነው እንዴ? ጎኑ ላይ ያለው አራት ቁጥር ምን ይላል?
— 2314። በ2014 የተሠራ ነው፣ ትናንት በለው።
— በማን አቆጣጠር?
— በእኛ ነዋ!
— የጀርመን ፋብሪካ በእኛ ዘመን የሚቆጥረው ለእንቁጣጣሽ ሊያደርስልህ ነው?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። 2314 ማለት በፈረንጆቹ 2014፣ 23ኛው ሳምንት ነው። ጎማ መጋዘን ውስጥም ተኝቶ ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ እርጥብ መንገድ ላይ መያዝ ያቅተዋል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ በርካሽ ሲሸጥልህ፣ ቅናሹን ለወጌሻ አስቀምጠው።

ለአዛኙ

— እህቴ፣ ይሄ ጎማ ለሴት አይከብድም?
— ልነዳው ነው እንጂ ላዝለው ነው እንዴ?
— ድንገት ቢተነፍስብሽ ብዬ ነው።
— ያንተ ካላማዳሪ አለው የለውም?
— እሱን እንኳ ሜካኒኩ ነው የሚያውቀው።
— እንግዲያው ሜካኒኩን አፈናጥጠው።

እህታችን ልክ ናት። ያማሃ ቴኔሬ 700 ከፋብሪካው ሲወጣ ባለ ካላማዳሪ ነው፤ ሚስማር ሲወጋው ጎማውን ከቸርኬው አላቅቀህ፣ ካላማዳሪውን አውጥተህ፣ ለጥፈህ ትመልሳለህ። ካላማዳሪ የሌለው ግን ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ሳይፈታ ከውጭ ይወተፋል። ጎኑ የጠነከረ ጎማ ስለታም ድንጋይ ይችላል፤ ከቸርኬ ላውጣህ ሲሉት ግን ያው ጥንካሬው ጠላት ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት «መንገድ ዳር ብቻዬን ልፈታው እችላለሁ?» በል። ልኩንም አስብ። የትንሿን ሞተር የቦክሰርን ጎማ ትንሽ ከተማም ገብተህ አታጣም። 150/70 ቁጥር 18 ስትል ግን ጎሚስታው «የአይሱዙ ነው?» ይልሃል።

ለኬፕ ታውኑ

— እነ ኢዋን ማክግሪገር የሄዱበትን ልሄድ ነው። በጥርሳም ጎማ!
— መቼ የሄዱበትን?
— በ2007።
— መንገዱ ጠብቆህ መሰለህ?

ተዋናዩ ማክግሪገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን በ2007 እ.ኤ.አ. በሞተር ከስኮትላንድ ጫፍ ተነስተው፣ እኛን አቋርጠው ኬፕ ታውን ሲወርዱ፣ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት ያለው የኬንያ መንገድ ጎማና አሞርዛተር የሚበላ ኮረኮንች ነበር። ዛሬ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ አስፋልት ነው። ጥርሱን እዚያ ፈጭተህ ስትጨርስ፣ በእርግጥ የሚያስፈልግህ አሸዋ ገና ከፊትህ ነው። የጎማ ምክር ስትቀበል መንገዱ መቼ እንደታየ አብረህ ጠይቅ።

ለዋልካው

— ይሄ ጎማ የበቾን ዋልካ ይወጣል?
— አዎ።
— በክረምት?
— በክረምት ይገባል፤ በጥቅምት ይወጣል።

ዋልካ ጥርስ አይፈራም። ተጣብቆ ክፍተቱን ይሞላና ጥርሳሙን ልሙጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ ጎማውና ጭቃ መከላከያው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። ጭቃ መከላከያው ከፍ ያለ፣ ራሱም የቀለለ ሞተር ይሻላል።

— አንድ ገበሬ ግን በቦክሰር፣ ሰው አፈናጥጦ፣ ባለቀ ጎማ አለፈኝ!
— ሲወድቅ ብቻውን ያነሳዋላ። ያንተ ሞተር ከመክበዱ የተነሳ ሲወድቅ ቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። እሱ ደግሞ በየትኛው ወር በየት እንደሚታለፍ ያውቃል። ለዋልካ ጎማ አይመረጥም፤ ወር ይመረጣል።

ለነፋሻው

— ለኮረኮንች ንፋስ ይቀነሳል አሉ።
— ይቀነሳል። መልሰህ በምን ትሞላዋለህ?
— ፓምፕ አልያዝኩም።
— ግድ የለም፣ በአፍህ ሙላው። አንተ ንፋስ አላነሰህም።

የጂኤሱ መጽሐፍ ለአስፋልት ከፊት 2.5፣ ከኋላ 2.9 ባር ይላል። ኮረኮንች ላይ ዝቅ ሲል ጎማው ይለጠጣል፣ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፣ እጅህም ከመንቀጥቀጥ ያርፋል። ከባድና የተጫነ ሞተር ግን ከ2 ባር ብዙም ባይወርድ ይሻለዋል፤ አለዚያ ድንጋዩ ጎማውን አልፎ ቸርኬውን ያጎብጣል። አስፋልት ስትደርስ መሙላት ነው፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል። ውድ ጎማ ገዝቶ መለኪያና ፓምፕ የማይገዛ ሰው ግማሹን ጎማ ብቻ ነው የገዛው።

ለመጨረሻው ጠያቂ

— ሁሉንም ሰማሁ። ታዲያ የትኛውን ልግዛ?
— ከካቻምና እስካሁን የት የት ነዳህ?
— አስፋልት። አልፎ አልፎ ፒስታ።
— ገንዘብህ ለአንድ ጥርሳም ብቻ ከበቃ ከፊት አድርገው። የኋላው ሲንሸራተት አንተ ታወራዋለህ፤ የፊቱ ሲንሸራተት ሌሎች ያወሩልሃል።
— ከኋላስ?
— የጀርመኑ ሃይደናው ኬ60 ስካውት በሰፋፊ የኋላ ልኮቹ መሃሉ ላይ ሳይቆራረጥ የሚዞር መስመር አለው። እንዲህ ያለው ጭቃ ላይ ይለግማል፤ አስፋልት ላይ ግን ዕድሜ አለው። ያንተ ውሎ ደግሞ አስፋልት ነው፤ አሁን ራስህ ተናገርክ።
— ፎቶ ላይ ግን አያምርም።
— ለፎቶ ጭቃ ቀባው። እኛ ሰፈር ቧንቧው ከፈነዳ ወዲህ ጭቃ በነጻ ነው፤ ባልዲ ይዘህ ና።