እርሾና አበዳሪው፦ ስለ እርሾ አመራረጥ የቀረበ ጥናት

ካርታም ውልም ሳይኖረው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ግብር የማይጠየቅበት፣ ወራሾችም በፍርድ ቤት የማይካሰሱበት ንብረት ቢኖር እርሾ ሆኖ ሳለ፣ ጉዳዩ ከሊቃውንት ዘንድ የሚገባውን ትኩረት እስከ ዛሬ አላገኘም። እርሾ ማለት፣ እንጀራን ከመሶብ እንጂ ከቡሃቃ ለማያውቅ አንባቢ ሲብራራ፣ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን በቆየ የጤፍ ሊጥ ላይ የሚንሳፈፈው ቢጫማ ውሃ ሲሆን፣ ጥቂቱ ተቀንሶ ለሚቀጥለው ሊጥ ማስነሻ ይቀመጣል፤ የቀረው ይደፋል። በዚህ ስሌት ዛሬ በአንድ ቤት የሚበላው እንጀራ ያለፈው ሳምንት እንጀራ ልጅ ነው፤ የዘር ሐረጉን እስከ መጀመሪያው ለመቁጠር የሞከረች የቤት እመቤት ግን አልታየችም፣ ምጣዱ ይግልባታልና።

በዚህ ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ፍጥረታት ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገሶች ሲሆኑ፣ በሊጡ ያለውን ስኳር እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ፤ ይኸው ጋዝ በጋለው ምጣድ ላይ ሽቅብ ሲያመልጥ የሚተወው ቀዳዳ የእንጀራ ዓይን ይባላል። ሁለተኛዎቹ ኮምጣጣውን ጣዕም የሚሰጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ተመራማሪዎች ከእርሾ ውስጥ ከለዩአቸው ፈንገሶች አንዱ ካንዲዳ ሁሚሊስ የሚል ስም የወጣለት ሲሆን፣ ይህን እንግዳ ለዓመታት ያለ ኪራይ በጓዳዋ ያኖረች ባለቤት ስሙን ብትሰማ ሊጡን አውጥታ እንደምትደፋ ስለሚገመት፣ ስሙ ከዚህ ጽሑፍ ውጭ እንዳይነሣ ይመከራል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር መፍላት ሕይወት ያላቸው ደቂቃን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ በጽሑፍ ሲያስረዳ በአውሮፓ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በቡሃቃዋ ግድግዳ የቀረው ሊጥ አዲሱን እንዲያነሣላት አጥርታ ሳታጥብ የምትተወው የጎንደር ወይዘሮ ግን በክርክሩ እንድትሳተፍ አልተጋበዘችም።

የእርሾ አመራረጥ በንድፈ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ጥሩ እርሾ ሽታው የጠራ ኮምጣጣ፣ ላዩም ሻጋታ የሌለበት መሆን አለበት። በተግባር ግን እርሾውን አይቶ የሚመርጥ ስለሌለ፣ የሚመረጠው አበዳሪዋ ናት፤ ለዚህም ዋናው የምርምር ጣቢያ ማኅበርና ለቅሶ ቤት ነው። ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ሴት እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች የቀረበላትን እንጀራ ጫፍ ገለጥ አድርጋ ዓይኑን ስትመረምር ብትታይ፣ በሐዘኑ ላይ እንደተፈጸመ ነውር ሳይሆን እንደ መረጃ አሰባሰብ መወሰድ ይገባዋል።

ብድሩ የራሱ ሥርዓት አለው። ተበዳሪዋ ባዶ ዕቃዋን ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ትገባለች፣ ስለ ጤንነት፣ ስለ ልጆቹና ስለ ውሃው መጥፋት በየተራ ትጠይቃለች፣ ቡናው ሁለተኛ ከደረሰ በኋላም ነገሩን አሁን ገና እንዳስታወሰች አድርጋ «እትዬ፣ ለካ ለእርሾ ነበር አመጣጤ» ትላለች። አበዳሪዋ መስጠት ካልፈለገች የምትሰጠው መልስ በመላው አገር አንድ ነው፤ «ውይ የኔ ልጅ! አሁን ከመምጣትሽ በፊት ደፋሁት እኮ።» ይህ መልስ ሊመረመርም ሊስተባበልም የማይችል በመሆኑ፣ በዲፕሎማሲ ትምህርት ቤቶች በምሳሌነት ቢቀርብ ይገባው ነበር።

እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ሲቀር የሚቀርቡት ማብራሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ወፍጮ ቤቱ፣ የጤፉ መቀላቀል፣ ብርዱ፣ የመብራት መጥፋት፣ ወይም አብሲቱ፣ ማለትም ከሊጡ ተቀንሶ በውሃ ከተቀቀለ በኋላ ተመልሶ የሚጨመረው ክፍል፣ በደንብ አለመብሰሉ ይከሰሳል። ከእነዚህ ብርዱና አብሲቱ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ ቅዝቃዜ የመፍላቱን ሥራ ያዘገየዋልና። የጋጋሪዋ እጅ ግን በየትኛውም ማብራሪያ ውስጥ ተጠቅሶ አያውቅም።

በሱቅ የሚሸጠው ደረቅ እርሾ፣ በብዙዎች አነጋገር የፈረንጅ እርሾ፣ በሙያ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የተባለው ፈንገስ ብቻውን ተለይቶ የደረቀ ነው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ስኳር ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ አረፋ ካወጣ በሕይወት አለ ማለት ሲሆን፣ ካላወጣ ለድፎው ዱቄት ማባከን አያስፈልግም። የፈላ ውሃ ወዲያው ይገድለዋል፤ በበዓል ዋዜማ ሌሊት ከችኮላ የተነሣ በዚህ መንገድ ያለቀው የእርሾ ብዛት በየትኛውም የሟቾች መዝገብ አልሰፈረም። ለዳቦ እጅግ ታማኝ የሆነው ይኸው እርሾ ለእንጀራ ሲታዘዝ ሊጡን በጥቂት ሰዓት ያነሣዋል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን በዚያ አጭር ጊዜ ሥራቸውን ስለማይጨርሱ ኮምጣጣው ይቀራል፣ እንጀራውም አፍለኛ ይሆናል። እንግዳ ድንገት የደረሰባት ሴት ይህን ብታደርግ ጥናቱ አይፈርድባትም፤ አማቷ ግን ትፈርድባታለች።

በጠላና በጠጅ በኩል እርሾ የሚበደር የለም፤ ፈንገሱ ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከማሩና ከጋኑ ጋር ራሱ ይመጣል።

ጥናቱ ከደረሰባቸው ውጤቶች ሁሉ አሳሳቢው የተገኘው ከባሕር ማዶ ኑሮ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የሊጥ ማንሻ ዱቄት የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄትና ጋዝ ያለው ውሃ እየተጠቀሙ ይጋግሩ ነበር፤ ጤፍ በአይዳሆ ምድር ከበቀለ በኋላ ደግሞ እርሾ የሚያበድር ጎረቤት በአጠገባቸው የሌለ ብዙዎች የጤፍ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ለቀናት ቢተዉት ያለ ማንም እርዳታ እንደሚፈላ ተረዱ። ፈንገሱም ባክቴሪያውም ከዱቄቱ ጋር አብረው ኖረዋልና። ይህ ማለት የእርሾ ብድር ከነቡናው፣ ከነነጠላውና ከነ«ደፋሁት እኮ»ው በሳይንስ ረገድ አስፈላጊ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። ግኝቱ በኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ዘንድ ቢሰራጭ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ስለሚጠፋ፣ አንባቢ ለጎረቤቱ እንዳይነግር በትሕትና ይለመናል።

እስከዚያው ተበዳሪዎች ዕቃቸውን አጥበው ይሂዱ፤ ክዳኑንም አጥብቀው አይግጠሙት፣ ጋዙ መውጫ ካጣ መንገድ ላይ ይፈነዳል።