እስከ ሦስተኛው ብርጭቆ

በጀርመን ከኑረምበርግ በባቡር ተነስቶ ባምበርግ የሚወርድ መንገደኛ አንድ ጠብታ ሳይቀምስ ዓይኑን መጠርጠር ይጀምራል፤ የከተማዋ አሮጌ ማዘጋጃ ቤት የቆመው በሬግኒትዝ ወንዝ መሀል ነውና። ቀድሞ ማየቱ ደግ ነው፤ በኋላ ቢያየው በቢራው ያሳብብ ነበር። ከድልድዩ አለፍ ብሎ ሽሌንከርላ የሚባል መጠጥ ቤት አለ። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1405 በጽሑፍ ተጠቅሷል፤ ስሙ ደግሞ ሲራመድ ይወላገድ ለነበረ ጠማቂ የወጣ ቅጽል ስም ነው ይባላል። ደንበኛው እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ በስሙ አስቀድሞ የሚናገር መጠጥ ቤት ብዙ አይገኝም። መንገደኛችን ከእንጨት በርሜል የተቀዳ ግማሽ ሊትር ጥቁር ቢራ ይቀርብለታል። ወደ አፉ ሲያስጠጋው ግን የሚሸተው ቢራ ሳይሆን ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ቋንጣ ነው። ረቡዕ ቀን የደረሰ ጾመኛ ከሆነ ብርጭቆውን አስቀምጦ ግራ ቀኙን ይቃኛል። አይስጋ፤ ውስጡ ውሃ፣ ብቅል፣ እርሾና ሆፕስ የተባለው የፈረንጅ ጌሾ ብቻ ነው። ሽታው የመጣው ብቅሉ ቢች በሚባል የአውሮፓ ዛፍ እሳት ላይ ስለደረቀ ነው።

የየአገሩን ቢራ እየቀመሱ ሌላውን የሚመክሩ ሰዎች ይህን ራውክቢር፣ ማለትም የጭስ ቢራ፣ ከጉድ ተርታ ያሰልፉታል። ፍርዱ የተገለበጠ ይመስለኛል። ብቅል ውሃ ጠጥቶ ያቆጠቆጠ እህል ነው፤ ካልደረቀ ይበላሻል። ፀሐይ በማይበረታበት አገር ማድረቂያው ለብዙ መቶ ዓመታት የእንጨት እሳት ነበር፤ ከእሳቱ ጋር ጭሱም ይመጣል። ስለዚህ ያኔ አብዛኛው ቢራ ይብዛም ይነስም ጭስ ጭስ ይል ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ሰር ኒኮላስ ሃልስ ጭስ ሳይነካው ብቅል ለማድረቅ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1635 ነው። ጭሱ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ከብርጭቆው ተባረረ፤ ባምበርግ ውስጥ ግን ሽሌንከርላና እ.ኤ.አ. ከ1536 ጀምሮ ያለው ሽፔትሲያል ብቅላቸውን በራሳቸው እሳት ማድረቁን አልተዉም። ታዲያ እንግዳው ማን ነው? ቤቱን ያልለቀቀው ነው ወይስ ጭሱን አራግፎ የመጣው ወርቃማ ላገር ቢራ?

ይህ ክርክር ጠላ ለሚያውቅ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። በወይራ ወይም በጥንጁት ያልታጠነ ጋን ጠላ አይጠነሰስበትም፤ ጭሱ ሲጎድል «ይህ ጠላ ምን ጎደለው?» የምትል እናት ሞልታለች። ልዩነቱ እኛ የምናጥነው ዕቃውን፣ እነሱ የሚያጥኑት እህሉን መሆኑ ነው። «ታዲያ ቤት ያለውን ጭስ ፍለጋ ባምበርግ ድረስ ምን አስኬደ?» የሚል አይጠፋም። ጠላ ግን ጎምዘዝ ይላል፣ አሻሮውም የራሱ ጣዕም አለው፤ የባምበርጉ ቢራ ጥርት ያለ፣ ጭሱ ከብቅል ጣፋጭነት ጋር ብቻውን የሚነጋገርበት ነው። ጭስን ለብቻው መስማት የሚፈልግ እዚያ ይሰማዋል።

«ጭሱ የቢራውን ጉድለት መሸፈኛ ነው» የሚሉም አሉ። ሽሌንከርላ ግን የጭስ ብቅል ያልገባበት፣ ሄለስ የሚባል ፈዘዝ ያለ ላገርም ይጠምቃል፤ ከጭስ ቢራው ጋር በሚጋራው የመጥመቂያ ዕቃና እርሾ ምክንያት ጭሱ ሽው ብቻ ይላል። የሚሸፍን ሰው መጋረጃውን እንዲህ አይገልጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የቤቱ ምክር ላይ የሚነሳው ነው። ምክሩ የመጀመሪያው ጉንጭ እንግዳ ቢሆንብህም አታቁም፣ ደስታው እየቆየ ይመጣል የሚል ነው፤ የከተማው ሰውም ነገሩ የሚገባህ በሦስተኛው ብርጭቆ ነው ይላል። ሻጭ «ሦስት ካልጠጣህ አይገባህም» ሲል መጠርጠር የደንበኛ መብት ነው። ሦስት ብርጭቆ አንድ ሊትር ተኩል ይሆናል፤ 5.1 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ተኩል ከጠጣ በኋላ ጎማም ቢቀርብለት የሚያመሰግን ሰው አይጠፋም። ሆኖም ምክሩ በከፊል እውነት አለው። አፍንጫ የለመደውን ሽታ ችላ ይላል፤ ጭስ ቤት የገባ ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጭሱን እንደሚረሳው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሚጠጣው አፍንጫ ነው፤ ቋንጣው ሲርቅ ብቅሉ ብቅ ይላል። ለዚህም ሁለተኛው ይበቃል ባይ ነኝ። ሦስተኛውን የሚያዝ ሰው የመመለሻውን ባቡር ሰዓት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሲመለስም ወንዙ መሀል ነው ያለው።